ሁለት ጊዜ የተጫነው ቁልፍ

ምብራት ገብረሕይወት ፒያሳ ተወልዳ ፒያሳ ያደገች ልጅ ናት። አባቷ አቶ ገብረሕይወት ከአክሱም መጥተው፣ ከወርቅ ቤቶቹ በአንዱ ጓዳ ውስጥ አርባ ዓመት ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ወርቅ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች አሳዳጊዋም እሳቸው ናቸው። ቤት ውስጥ ትግርኛ፣ ደጅ የአራዳ አማርኛ እየተናገረች አደገች። ሒሳብ ላይ የሚደርስባት አልነበረም። አራት ኪሎ ገብታ በሒሳብ ተመረቀችና ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ካለ አንድ ቢሮ ተመደበች። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ሥራው ልጆቻቸው ግንባር የዘመቱባቸውን ቤተሰቦች መመዝገብ ነው። ዘማቹ ሲሞትም መርዶውን በደብዳቤ አድርጎ በቀበሌው በኩል ለቤተሰቡ የሚያደርሰው ይኸው ቢሮ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. መስከረም ላይ አንድ የውጭ እርዳታ ድርጅት ለቢሮው ኮምፒዩተር ሰጠ። ከማሽኑ ጋር የመጣው ፈረንጅ ምብራትን ስድስት ሳምንት አስተምሮ፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ትቶላት ወደ አገሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማሽኑና እሷ ብቻቸውን ቀሩ። የቢሮው ኃላፊ ሻለቃ ሙሉዓለም አንድ ቀን ገብቶ ቆሞ አያትና፣ «ይሄ ዕቃ መርዶ መጻፍ ይችላል?» ብሎ ጠየቃት።

«ከተጻፈለት ይችላል፣ ጓድ ሻለቃ።»

«እንግዲያው ጻፊለት። ሰሜን ያለው ነገር አያድርስ ነው። እሸቴ በታይፕ አልቻለውም።»

አቶ እሸቴ የቢሮው አንጋፋ ጸሐፊ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ተቀጥረው፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ ጣታቸው በታይፕ የደነደነ፣ የግራ ዓይናቸው ሞራ የጀመረው ሽማግሌ ነበሩ። የመርዶ ደብዳቤዎችን ሁሉ እስከዚያ ቀን የጻፉት እሳቸው ናቸው። አንድም ቀን ስም አሳስተው አያውቁም ይባልላቸዋል። ደብዳቤ ጽፈው ሲጨርሱ ስሙን ድምፅ ሳያሰሙ በከንፈራቸው ይደግሙት ነበር።

ምብራት ሦስት ወር ሠርታ ፕሮግራሙን አደረሰች። ማሽኑ ሲበራ አንድ መስኮት ይከፈታል፤ መስኮቱ ውስጥ የዘማቹ ስም፣ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩና የተጠሪው ስም ይታያል። ከግርጌ ሦስት ቁልፎች አሉ፤ «ፈልግ»፣ «ቀጥል» እና «አትም»። ቁልፍ ይባሉ እንጂ መስታወቱ ላይ የተሳሉ አራት ማዕዘኖች ናቸው። የቢሮው ሰው «አይጧ» እያለ የሚጠራትን፣ ባለ ጅራቷን ትንሽ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ እየገፉ ቀስቷን ቁልፉ ላይ ያደርሳሉ፤ ከዚያ የአይጧን ጀርባ በጣት ይጫናሉ።

«ስጫነው ነው የሚሠራው?» አሏት አቶ እሸቴ።

«ሲጫኑት ለማሽኑ ወሬ ይደርሰዋል፣ ጋሽ እሸቴ። ‹አትም የሚለው ተነካ› የሚል ወሬ። ወሬው ሲደርሰው ምን እንደሚያደርግ ቀድሜ ጽፌለታለሁ። ያልተጻፈለት ቁልፍ ቢነኩት ባይነኩት ሥዕል ነው።»

«በአንድ ጊዜ ሁለት ወሬ ቢደርሰውስ?»

«አንዱን ይሠራና ሌላውን ያቆየዋል። ሲጨርስ ተራውን ይሰጠዋል።»

አቶ እሸቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምብራትም የተናገረችውን መልሳ አላሰበችበትም።

ሥራው በጥር ተጀመረ። ከግንባር የሚመጣው ዶሴ በቀበሌና በቤት ቁጥር የተደረደረ ነው። አቶ እሸቴ ዶሴውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ዝርዝር በዚያው ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ያሳልፋሉ። ዶሴው ላይ ያለ ስም ሲደርስ «አትም» ይጫናሉ። ማሽኑ ስሙ ላይ «የተሰዋ» የሚል ምልክት አድርጎ፣ የታተመበትን ቀንና ሰዓት መዝግቦ ደብዳቤውን ወደ ማተሚያው ይልከዋል። ማተሚያው እንደ ወፍጮ እየጮኸ ሲያትም ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ እስከዚያ መስኮቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ደብዳቤዎቹ ተጠራቅመው ማታ ወደ ሻለቃው ይገባሉ። ሻለቃው ቀና ሳይል አርባውንም ሃምሳውንም ይፈርማል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ በማግስቱ ወደየቀበሌው ይሄዳል።

መጀመሪያ ላይ አቶ እሸቴ ከያንዳንዱ ደብዳቤ በኋላ «ቀጥል»ን ለየብቻው መጫን ነበረባቸው። አንድ ሳምንት እንደሠሩ ወደ ምብራት መጡ።

«ምብራትዬ፣ ይቺን አይጥ ከወዲያ ወዲህ ስገፋ እጄ ዛለ። ‹አትም› ካልኩት በኋላ ራሱ ወደሚቀጥለው ስም ቢሄድልኝስ?»

ቀላል ነገር ነበር። ሁለት መስመር ጨምራ በዚያው ቀን ሠራችላቸው። ፈረንጁ ትቶላት በሄደው መጽሐፍ ውስጥ፣ አንድ ቁልፍ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ተዘግቶ መቆየት እንዳለበት የሚናገር ምዕራፍ ነበረ። አንብባዋለች። «ጊዜ ሳገኝ እጨምረዋለሁ» ብላ ገጹን አጥፋ አስቀመጠችው። ከዚያ የካቲት መጣ፤ ዶሴው ወፈረ፤ መጋቢት ሲመጣ ደግሞ ይብሱኑ ወፈረ፤ የታጠፈው ገጽ እንደታጠፈ ቀረ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ጠዋት፣ አቶ እሸቴ አንዲት ሴት አስከትለው ወደ ማሽኑ ክፍል ገቡ። ሴትዮዋ ጥቁር ለብሰዋል፤ ነጠላቸው ከዝናቡ የተነሳ ከትከሻቸው ላይ ተጣብቋል። ወይዘሮ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ ቤታቸው እሪ በከንቱ ነው። ባላቸው ከሞተ ዓመታት ሆኗል። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ታላቁ ኃይለማርያምና ታናሹ ተክለሃይማኖት። ሁለቱም በብሔራዊ ውትድርና ተወስደዋል።

«ለጠብ አልመጣሁም» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ እንዲቀመጡ ወንበር ሲሳብላቸው። ከብብታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ደብዳቤዎች አወጡ። «ሁለቱም በአንድ ቀን ነው የመጡልኝ። ቀኑም አንድ ነው፤ ሰኔ አሥራ አራት ይላል። ማወቅ የፈለግሁት አብረው እንደሆነ ነው። አንዱ ሌላውን አይቶት እንደሆነ። ኃይሌ ከረን ነበር። ተክሌ ግን ሐረር ነበር። ሐረር ደግሞ ጦርነት የለም ይሉኛል። እንዴት ተገናኙ?»

ምብራት ስማቸውን ፈለገች። መጀመሪያ ኃይለማርያም ወጣ፤ «የተሰዋ»፤ የታተመበት ሰዓት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። «ቀጥል»ን ተጫነች። በዝርዝሩ ላይ የሚከተለው፣ በዚያው ቤት ቁጥር የተመዘገበው ተክለሃይማኖት ነው፤ «የተሰዋ»፤ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

ሁለት ደብዳቤ በአንድ ደቂቃ።

የሰኔ አሥራ አራትን ዶሴ ከመደርደሪያው አውርዳ ገለጠችው። የኃይለማርያም ስም አለ። ከሱ በታች የሌላ ቤት፣ የሌላ ሰው ስም ነው። የተክለሃይማኖት የለም። ከላይ ጀምራ በጣቷ እየተከተለች እስከ ታች ወረደች፤ የለም።

«እናቴ፣» አለች ዶሴውን እየዘጋች፣ «ትንሽ ቀን ይስጡኝ። አጣርቼ ራሴ እመጣለሁ።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ደብዳቤዎቹን መልሰው በላስቲክ ጠቀለሉ። አመስግነው ወጡ።

አቶ እሸቴ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ምብራት ጠየቀቻቸው። «ጋሽ እሸቴ፣ ‹አትም›ን ሲጫኑ መስኮቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ምን ያደርጋሉ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

ሽማግሌው አሰቡ። «አንዳንዴ ማተሚያው ቶሎ አይጮኽምና የነካሁት አይመስለኝም። ዓይኔም እንደምታውቂው ነው። ያን ጊዜ ጠበቅ አድርጌ እደግመዋለሁ።»

ነገሩ ይኸው ነበር። መጀመሪያ ሲጫኑት የኃይለማርያም ደብዳቤ ወደ ማተሚያው ተላከ። ማተሚያው መጮህ ሳይጀምር አቶ እሸቴ ደገሙት። ማሽኑ ሁለተኛውን ወሬ አቆየው፤ የኃይለማርያምን ጨርሶ፣ እንደተጻፈለት ወደሚቀጥለው ስም ሄደ። ከዚያ ያቆየውን ወሬ አነሳና በወንድሙ ስም ላይ ሠራው። ማሽኑ የተባለውን ነው ያደረገው። እንዲያ አድርግ ብላ የጻፈችለት ራሷ ናት።

ያን ቀን ምሳ አልበላችም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የታተሙ ጥንድ ደብዳቤዎችን ሁሉ እንዲዘረዝርላት ማሽኑን ጠየቀችው። ከጥር ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ጥንድ ወጣ። እያንዳንዱን ከዶሴው ጋር አመሳከረች። ስምንቱ ሁለቱም ስሞች ዶሴው ላይ አሉ፤ እውነተኛ መርዶዎች ናቸው። አሥራ አንዱ ግን ሁለተኛው ስም የለም። አሥራ አንድ ሰው፣ መሞቱን የሚናገር አንድም ወረቀት ሳይኖር፣ በቤቱ ተለቅሶለታል።

ለአቶ እሸቴ ቁጥሩን አልነገረቻቸውም። ዝርዝሩን ይዛ ወደ ሻለቃው ገባች።

ሻለቃ ሙሉዓለም ጨካኝ የሚባል ሰው አልነበረም። ግንቦት ላይ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከከሸፈባቸው ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቶ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ፊቱ የሚለዋወጥ ሰው ሆኖ ነበር። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ማነው አልሞቱም ያለሽ?»

«ዶሴው ላይ ስማቸው የለም፣ ጓድ ሻለቃ። ደብዳቤው በስሕተት ነው የወጣው። ስሕተቱ የኔ ነው።»

«ፊርማው የማነው?»



«የኔ ነው» አለ ሻለቃው ራሱ መልሶ። «አሥራ አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ። ከዚያስ? ለበላይ አካል ምን ልበል? የሠራዊቱን ቤተሰብ በሐሰት መርዶ አስለቀስኩ ልበል? በዚህ ጊዜ?» ተመልሶ ተቀመጠ። «አባትሽ የት ነው የተወለዱት?»

«አክሱም።»

«አክሱም ዛሬ በማን እጅ እንዳለች ታውቂያለሽ። እኔ አውቅሻለሁ፤ የሚጠይቁሽ ሰዎች ግን አያውቁሽም። ማሽኑን አስተካክዪና ዝም በዪ። ሞተ የተባለ ልጅ በእግሩ ሲመጣ ለቤተሰቡ ደስታ ነው።»

«ምልክቱን እናንሳላቸው እንኳ። ‹የተሰዋ› የሚለውን።»

«አይሆንም አልኩ።»

ምልክቱን ለማንሳት የኃላፊውን የሚስጥር ቃል ማስገባት ግድ ነበር። ያንን መቆለፊያ በሻለቃው ትእዛዝ የሠራችው እሷው ናት።

በማግስቱ የታጠፈውን ገጽ ገልጣ ቁልፉን አስተካከለችው። ከእንግዲህ «አትም» አንዴ ሲጫን ይነጣል፤ ሥራው እስኪያልቅ ቢነኩትም አይሰማም። ሁለተኛ ጥንቃቄም ጨመረች። አንድ ጊዜ ደብዳቤ የታተመለት ሰው ስም ሲወጣ፣ ቁልፉ ከመጀመሪያውም ነጭ ሆኖ እንዲመጣ አደረገች። በአንድ ሰው ስም ሁለት መርዶ እንዳይወጣ ብላ ነው። ለአቶ እሸቴ አሳየቻቸው። «ከነጣ አይሠራም፣ ጋሽ እሸቴ። ከነጣ ይተዉት።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ እሪ በከንቱ ወረደች። ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል። የወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት በሁለት ግንቦች መካከል ገባ ያለ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ግድግዳው ላይ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ ሁለቱም ጥቁር ሪባን አለባቸው።

«እትዬ ጥሩነሽ» አለች፣ እንደተቀመጠች። «ከሁለቱ ደብዳቤዎች አንደኛው ስሕተት ነው።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ምብራት ያላሰበችውን ጥያቄ ጠየቁ።

«የትኛው?»

የአንዱን ስም ስትጠራ የሌላውን ሞት ደግማ ማርዳቷ ነው።

«የተክሌ ነው። በተክሌ ስም ከግንባር የመጣ ነገር የለም።»

«ኃይሌስ?»

«የኃይሌ እውነት ነው፣ እናቴ።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ አላለቀሱም። ተነሱና የታናሽዬውን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርደው ሪባኑን ፈቱት። ፎቶውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «ኃይሌን ለብቻው አላለቀስኩትም» አሉ በመጨረሻ። «ሁለቱንም ደባልቄ ነው ያለቀስኩት። እንግዲህ እንደገና መጀመሬ ነው።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ይሄንን በጽሑፍ ልትሰጪኝ ትችያለሽ?» አሉ።

«አልችልም።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«እንግዲያው አላየሁሽም» አሉ። «የጠየቀኝም ቢኖር አላየሁሽም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ቤቶች ሄደች፤ አንዱ ሠራተኛ ሰፈር፣ ሁለቱ ከደጃች ውቤ ሰፈር። ከሦስቱ በመጨረሻው ቤት የተቀበሏት ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው ሰምተው ሲያበቁ እጇን ስመው አለቀሱ። ማንም እንዳይሰማ ብላ ለመነቻቸው፤ እሺ አሉ። ደስታው ግን ዕረፍት ነሳቸው። በማግስቱ ጠዋት ነጭ ለብሰው ወደ ቢሮው መጡና፣ በኮሪደሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ ልጃቸው መኖሩን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ማን ነገረዎት ሲባሉ፣ ክፉ ነገር የሚሆን ስላልመሰላቸው፣ «ያቺ የኮምፒዩተሯ ልጅ ናት፤ ትባረክ» አሉ።

ሻለቃው ሌላ ሰው ሳይቀድመው ራሱ ለደኅንነት ስልክ ደወለ። ከሰዓት በፊት ሁለት ሰዎች በላንድሮቨር መጥተው ወሰዷት። አቶ እሸቴ የእንጨቱን ደረጃ ስትወርድ አይተዋታል።

መርማሪው መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን አዘዘሽ። ወረቀትና እርሳስ ሰጥቷት እንድታስረዳው ጠየቃት። ምብራት መስኮቱን ሳለችለት፤ ሦስቱን ቁልፎች ሳለችለት፤ ሁለተኛው ወሬ እንዴት እንደሚቆይና ተራው ሲደርስ በማን ስም ላይ እንደሚያርፍ በቀስት አሳየችው። መርማሪው ሥዕሉን አዟዙሮ አየው።

«አንድ ሽማግሌ ጣቱን ሁለት ጊዜ ስለነካ አሥራ አንድ የአብዮታዊ ሠራዊት አባል ሞተ ነው የምትዪኝ?»

«አልሞቱም። ሞቱ ተብሎ ተጻፈ።»

«ሽማግሌው ማነው?»

እዚህ ላይ ነው የገባት። ሥዕሉን ይበልጥ ባስረዳች ቁጥር ነገሩ ወደ አቶ እሸቴ ጣት ይሄዳል። እርሳሱን አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ፕሮግራሙን የሞከርኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ የነካሁትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ወረቀትም እርሳስም አልተሰጣትም። ውስጥ እግሯ በግርፋት ተልጦ ለሦስት ሳምንት በጉልበቷ ሄደች። ያዘዛት ሰው ስለሌለ የምትሰጠው ስም አልነበራትም። አባቷ በተወለዱበት አገር ምክንያት ግን መልሱን አስቀድመው ያወቁት መሰላቸው። «ጠላት ተልእኮ የሰጣት» ተብሎ ተጻፈባትና፣ ያለ ፍርድ ሃያ አንድ ወር ታሰረች።

አባቷ በየሳምንቱ ስንቅ ያመጡ ነበር። ፊት ለፊት መተያየት ስለማይፈቀድ የምትቀበለው ሳህኑን ብቻ ነው፤ የሳቸው መሆኑን ግን ፎጣው ከሚታሰርበት ቋጠሮ ታውቀዋለች። በሁለተኛው ክረምት ቋጠሮው ተለወጠ። ስንቁ አልተቋረጠም፤ እህሉም ያው ነው፤ ቋጠሮው ግን የሌላ ሰው እጅ ነው። አብረዋት የታሰሩት ሴቶች አዩ፤ ዝም አሉ። እሷም አልጠየቀች። ላለማወቅ መምረጥ የምትችለው አንድ ነገር ይሄ ብቻ ነበር።

ግንቦት 1983 መንግሥቱ ወደቀና የእስር ቤቱ በር ተከፈተ። ምብራት በባዶ እጇ እየተራመደች ፒያሳ ደረሰች። በየመንገዱ ዳር ልብሳቸው ያለቀ፣ ጠመንጃቸውን የጣሉ ወታደሮች ተቀምጠው ውሃ ይለምናሉ። በግቢው በር ስትገባ ጎረቤቶቿ ወጥተው ከበቧትና አንደኛዋ ይዛት ወደ ቤት አስገባቻት። አቶ ገብረሕይወት ከሞቱ ዐሥር ወር ሆኗቸዋል። መጨረሻ ላይ ሲጣሩ የነበረው በትግርኛ «ጓለይ»፣ ልጄ፣ እያሉ ነበር አሏት።

ለቀስተኛ መጣ። በአምስተኛው ቀን አቶ እሸቴም መጡ። አርጅተዋል፤ የግራ ዓይናቸው ጨርሶ ነጭ ሆኗል። ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው አልተነሱም።

«ምብራትዬ፣ የኔን ስም እንዳልሰጠሻቸው አውቃለሁ» አሉ።

«ይተዉት፣ ጋሽ እሸቴ።»

«ሌላ የምነግርሽ አለ። ያቺ እናት፣ የሁለቱ ልጆች እናት። አንቺ ከታሰርሽ በኋላ መስከረም ላይ ቢሮ መጣች። ታናሽዬው የጻፈላትን ደብዳቤ ይዛ ነበር፤ ጳጉሜን ውስጥ የተጻፈ። በሕይወት አለ። ወደ ምጽዋ አዛውረውታል። ምልክቱን አንሱልኝ ብላ ለመነች፤ ሻለቃው ደብዳቤውን አይቶ ‹በማሽኑ ላይ ሞቷል› አላት።» አቶ እሸቴ ጉልበታቸውን በእጃቸው ያሹ ጀመር። «የካቲት ላይ ምጽዋ ያ ሁሉ ሰው አለቀ። ዶሴው መጣ። ስሙ አለበት፤ ተክለሃይማኖት። በማሽኑ ፈለግሁት፤ ወጣ። ቁልፉ ግን ነጥቷል። ተጫንኩት፤ አልሠራ አለ። ከነጣ ይተዉት ብለሽኝ የለ? አንድ ጊዜ የታተመለት ስለሆነ። ለማንም መናገር ፈራሁ። ማናገር የነበረብኝ ሻለቃውን ነው፤ እሱ ደግሞ አንቺን ያስያዘ ሰው ነው። ዶሴውን መለስኩት።»

ምብራት የሰማችውን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። ራሷ ነበር የጻፈችው።

«አታውቅም ማለት ነው?» አለች።

«አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ትጠብቀዋለች። ቢሮ በመጣች ቁጥር ማሽኑ ሰኔ ሰማንያ አንድ ላይ ሞቷል ይላታል። እሷ ደግሞ የጳጉሜኑን ደብዳቤ ይዛለች። ሐሰተኛ መሆናችንን ስላወቀች፣ ልጇ በሕይወት ያለ ይመስላታል።»

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ምብራትና አቶ እሸቴ አብረው ወደ እሪ በከንቱ ወረዱ። ሽማግሌው ክንዷን ይዘው ነበር። በሩን ያንኳኳችው እሷ ናት።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከፈቱ። በዚያ ሰዓት ሁለት ሰው፣ ሁለቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩ ምንም አልጠየቁም። ወደ ውስጥ ዘወር ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ቤቱ ውስጥ ጥግ ላይ የተነጠፈ አልጋ አለ፤ አንሶላው የታጠበ ነው፤ የተኛበት ሰው የለም።

ምብራት እግራቸው ሥር ተቀምጣ ነገረቻቸው። የሰኔውን፣ የየካቲቱን፣ ሁለተኛው ደብዳቤ ለምን እንዳልመጣ፣ ቁልፉን ማን እንደዘጋው። አንዳችም አላስቀረችም። አቶ እሸቴም «እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ» አሉ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ሰምተው ሲጨርሱ ምብራትን ጠየቋት።

«ያን ቀን መጥተሽ የነገርሽኝ ጊዜ፣ በሕይወት ነበር?»

«ነበር።»

«ስንት ወር ኖረ ከዚያ በኋላ?»

ምብራት ቆጠረች። «ሰባት ወር።»

«ሰባት ወር» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ። «እየኖረ ሳለ ሰባት ወር አላለቀስኩበትም ማለት ነው። ያንን አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ። የቀረውን ግን፣» አሉና የተነጠፈውን አልጋ አዩት። «አንድ ዓመት አንሶላ አጥቤያለሁ፣ ልጄ። ያንን ይቅር ልበልሽ አልበልሽ ገና አላወቅሁም።»

ከዚያ ነጠላቸውን በወገባቸው አሰሩና እሪ አሉ። ጎረቤት በየበሩ መውጣት ጀመረ።

ምብራት ሦስቱንም ቀን ከለቅሶው አልጠፋችም። ውሃ ቀዳች፤ ዕቃ አጠበች፤ ማን እንደሆነች የጠየቃትም አልነበረም። ወይዘሮ ጥሩነሽ በሦስተኛው ቀን ማታ ስትሰናበታቸው እጃቸውን ሰጧት፤ ቃል ግን አልተናገሯትም።

ዝርዝሩ እስር ቤት ባይገባም አሥራ አንዱን ስም በቃሏ ይዛቸው ነበር። ክረምቱን ሙሉ፣ ከመጀመሪያ የሄደችባቸውንም ያልደረሰችባቸውንም ቤቶች አንድ በአንድ ዞረች። የፖስታ ቤቱ ጡረተኛ ልጅ በሱዳን በኩል ተመልሶ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ አባቱ ግን ከመምጣቱ በፊት ሞተው አገኘችው። ሁለት ቤት ልጆቹ መጥተዋል። አንድ ቤት ልጁ ሲመለስ ሚስቱ፣ ሐዘኗን ጨርሳ፣ ሌላ አግብታ አርግዛለች። ልጁ ምብራትን ከበሩ ላይ ቆሞ ሰማትና፣ «የመንግሥትን ደብዳቤ አምና ነው ያገባችው፤ ምን ልበላት» አላት። በሦስት ቤት ከልጆቹ የተሰማ ነገር የለም፤ እሷም የምትጨምረው አልነበራትም። በአንዱ ቤት አላስገቧትም። በሌላው ደግሞ አክስትየዋ ሰምተው ሲያበቁ ምሳ አቀረቡላት፤ አልበላም ማለት ከበዳትና በላች።

አሥራ አንደኛው ቤት አራት ኪሎ ጀርባ ነበር። ጳጉሜን ሁለት ቀን ሲቀራት ሄደች። በሩን የከፈተላት ሌላ ተከራይ ነው። የፊተኞቹ ቤተሰቦች የልጃቸውን ተዝካር አውጥተው ባለፈው ዓመት ወደ አገራቸው መግባታቸውን ነገራት። አገራቸው የት እንደሆነ ጠየቀችው። ወደ ውስጥ ገብቶ ሚስቱን ጠየቃት፤ እሷም አላወቀችም።